ዶሮ ነው፤ ትንሽ ተናዶ ነው

ካሳሁን «ተመስገን» የማይልበት ነገር አልነበረም። ሰበታ ውስጥ በአንድ የክር ፋብሪካ የመጋዘን ኃላፊ ነው። መብራት ሲመጣ ተመስገን፣ ሲጠፋም ተመስገን፤ ታክሲ ሲያገኝ ተመስገን፣ ታክሲው ጥሎት ሲሄድ ደግሞ «ተመስገን፣ ለበጎ ነው» ይላል። አንድ ጊዜ የመጋዘኑ መደርደሪያ ተገንድሶ እግሩ ላይ ሲወድቅ፣ ሊያነሱት የሮጡ ሰዎች ከክምሩ ሥር የሰሙት የመጀመሪያ ቃል ያው ተመስገን ነበር። ሚስቱ ሙሉዬ ለቅሶ ቤት ሲገቡ ክንዱን ቆንጠጥ ታደርገዋለች። «እዚህ እንዳትላት ብቻ!»

ከቢቸና በወጣትነቱ መጥቶ እዚያው ሰበታ ያረጀ፣ ሰው የማያስቀይም፣ እምቢ ማለት የማያውቅበት ሰው ነው። ገበያ ግን አይሆንለትም። ሙሉዬ ይህን ስለምታውቅ ልካው አታውቅም። የዚያን ዓመት የፋሲካ ዋዜማ ግን ወገቧ ያዛት። አንድያ ልጃቸው ያኔት ደግሞ ሱሉልታ፣ የውጭ አገር ሯጮች ለልምምድ ሲመጡ የሚያርፉበት የእንግዳ ማረፊያ ተቀጥራ እዚያው ነው የምትኖረው። የሚላክ ጠፋ።

«ዶሮ» አለችው ሙሉዬ ሽንኩርቷን እየከተፈች። «ወንድ፣ ቀይ፣ ደንዳና። ከዚህ ሌላ ምንም እንዳታስብ።»

ካሳሁን ዓለም ገና ከተማ ሲደርስ ገበያው ተበትኖ፣ መሬቱ ላይ ላባና ገለባ ብቻ ቀርቶ ነበር። መንገድ ዳር አንድ ሰው ብቻ ቆሟል፤ በእጁ ገመድ ይዟል፤ በገመዱ ጫፍ ደግሞ የበግ ግልገል የሚያህል ጥቁር ወፍ ታስሯል። ጭንቅላቱ መላጣ ነው። ፊቱ ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ቀይ ሆኖ፣ ከአፍንጫው ላይ የተንጠለጠለ ሥጋ ወዲያና ወዲህ ይላል። ካሳሁን አንድ ጊዜ ዞረው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዶሮ ነው» አለ ሰውየው።

«ፊቱስ?»

«ትንሽ ተናዶ ነው። መኪና አስደንግጦት። ቤት ሲገባ ይመለስለታል።»

ካሳሁን ሰው የነገረውን ማመን ይቀናዋል። ደግሞም ነገሩን በልቡ ሲመዝነው፣ ወንድ ነው፤ ፊቱ ቀይ አለበት፤ ደንዳናነቱማ አያጠያይቅም። ሙሉዬ ያዘዘችው ሁሉ ተሟልቷል። ተመስገን ብሎ ታቀፈውና ወደ ቤቱ ሄደ።

ሙሉዬ በሩን ስትከፍት ሽንኩርቱ እሳት ላይ ነበር። ወፉን አየች፤ ባሏን አየች፤ እንደገና ወፉን አየች።

«ካሳሁን፣ ይሄ ማነው?»

«ዶሮ ነው፤ ትንሽ ተናዶ ነው።»

ወፉ ይህን የሰማ ይመስል ጅራቱን እንደ ጃንጥላ ዘረጋ፤ ክንፎቹን መሬት ለመሬት እየጎተተ ደረቱን ነፋና «ጉልጉልጉልጉል!» ብሎ ለቀቀው። ሙሉዬ ወገቧን እንደያዛት ረስታ አልጋ ላይ ወጥታ ቆመች።

ጩኸቱን ሰምቶ ጎረቤታቸው ሀሰኖ ከሱቁ እየሮጠ መጣ። ሀሰኖ የእህልና የቅመም ነጋዴ ነው፤ ወጣት ሳለ ሳዑዲ ሠርቶ ስለተመለሰ ሰፈሩ የውጭ ነገር ሲገጥመው የሚጠይቀው እሱን ነው። አገጩን ይዞ ተመለከተ።

«ይሄማ ተርኪ ነው። ሳዑዲ ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተኝቶ አይቼዋለሁ።»

«እንዲህ ነበር?» አለችው ሙሉዬ አልጋው ላይ እንደቆመች።

«ያኔ ራስ አልነበረውም።»

ዶሮ እንግዲህ አሥራ ሁለት ብልት ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። ሙሉዬ ተረጋግታ ስትወርድ ወፉን ከራሱ እስከ ጥፍሩ ለካችው። «አሥራ ሁለት ቦታ? ይሄ እኮ ለቅርጫም ይበቃል! የትኛው ድስት ነው የሚይዘው?» ከዚያ ደግሞ የባሰው ጥያቄ መጣ። ለመሆኑ ይበላል ወይ?

የንስሐ አባታቸው ቄስ ፈቀደ ወደ ቤተክርስቲያን ሲያልፉ ተለምነው ገቡ። መስቀላቸውን ይዘው ወፉ ፊት ቆሙ።

«አሞራ ከሆነ ክልክል ነው። ዶሮ ከሆነ ምንም የለበትም» አሉ። ጥፍሩን ለማየት ጎንበስ ሲሉ ወፉም ወደ እሳቸው ጎንበስ አለ። ቀና ሲሉ ቀና አለ። ቄስ ፈቀደ ትንሽ ወደኋላ ሸሸት አሉ። «መጽሐፍ ላይ ስሙን አላስታውሰውም። አባቶችን ጠይቄ እስክመልስላችሁ ድረስ ቢላ እንዳይነካው።»

የዚያን ፋሲካ ቤተሰቡ በዶሮ ሽንኩርት የበሬ ሥጋ ወጥ ሠርቶ ፈሰከ። ቄስ ፈቀደም መልሱን አላመጡም። በዓለ ሃምሳ ሠርግ በዛባቸው፤ ቀጥሎ የሰኔ ጾም ገባ፤ ከዚያ ክረምት ሆነና መንገዱ ጨቀየ። መንገድ ላይ ሲያገኟቸው «እየተጠየቀ ነው» ይላሉ። ጉዳዩ በእንጥልጥል ያለ ወፍ ደግሞ አይታረድም፤ እህል ይሰፈርለታል እንጂ።

ስም ያወጣለት ሀሰኖ ነው። «ደረቱን ነፍቶ ግቢውን ይዞራል» አለ፤ «ሳይጋበዝ ንግግር ይጀምራል፤ ሲጨርስ ምን እንዳለ የተረዳ የለም። ሊቀመንበር ነው ይሄ።» ሊቀመንበር ሆኖ ቀረ።

ሊቀመንበር ከፍ ያለ ድምፅ ከሰማ መልስ ሳይሰጥ አያልፍም። የፋብሪካው ሳይረን ሲጮህ ይመልሳል። የጅማ መንገድ የጭነት መኪና ጥሩንባ ሲነፋ ይመልሳል። ለቅዳሴው ድምፅ ማጉያም ለአዛኑም ያለ አድልዎ ይመልሳል፤ በዚህ በኩል ማንም ቅሬታ አላቀረበበትም። ሙሉዬ የተከለችውን ጎመን ከሥሩ ይነቅላል። ጫማ ስትወረውርበት ጫማውን በአፉ ይዞ ወደ ጓሮ ይሄዳል። ካሳሁን ግን ከሥራ ሲመለስ፣ ገና ከመታጠፊያው ብቅ ሲል፣ አጥሩ ላይ አንገቱን አስረዝሞ ጠብቆ «ጉልጉልጉል!» ብሎ ይቀበለዋል። ካሳሁንም ኮፍያውን ያነሳለታል። ሰዎች ሲያዩት ግን ራሱን የሚያክ ያስመስላል።

ትልቁ ነገር የመጣው በወንዲ በኩል ነው። ወንዲ ፊት ለፊታቸው የሚኖር ወጣት የባጃጅ ሾፌር ነው። አዲስ ባጃጅ ገዝቶ፣ ጎኗን በጨርቅ ሲያሻት ውሎ፣ መስታወቷ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ነበር። ሊቀመንበር በአጠገቧ ሲያልፍ መስታወቱ ውስጥ ሌላ ሊቀመንበር አየ። ሰፈሩ ለሁለት የሚበቃ አልመሰለውም። አንድ ጊዜ ወደኋላ ሄደና ተንደርድሮ መስታወቱን አደቀቀው። ወንዲ ሌላ ገጠመ፤ ሊቀመንበር ያንንም አደቀቀው። በሦስተኛው ወንዲ መስታወቱን ካልሲ አለበሰውና መንዳት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ተሳፋሪው ሁሉ «ካልሲው፣ ና እዚህ ጋ!» እያለ ይጠራው ጀመር። ወንዲ ካሳሁንን ሰላም ማለት ተወ። ጎረቤት ከጎረቤት ሰላምታ ሲያቋርጥ ምን ያህል እንደሚከብድ ለነዋሪው አይነገርም።

እንዲህ እንዳሉ ኅዳር ገባ። የነቢያት ጾም በተያዘ በጥቂት ቀኑ ያኔት ደወለች።

«አባዬ፣ ሊቀመንበርን ሐሙስ ታመጣልኛለህ?»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ኬሊ የምትባል አሜሪካዊት ሯጭ አለች። ሐሙስ በአገሯ የምስጋና ቀን ነው። ሆድ ብሷት ልምምድ እንኳ አልሄድ አለች። ተርኪ ከሌለ በዓሉ በዓል አይሆንም ትላለች።»

«ተርኪው በበዓሉ ላይ ምን ይሠራል?»

«ይበሉታል፣ አባዬ።»

ካሳሁን እምቢ የሚለውን ቃል አፉ ውስጥ ፈለገው፤ አልነበረም። «እሺ ልጄ» አለና ስልኩን ዘግቶ ሀሰኖ ሱቅ በር ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

«ቀን ቆርጠው ነው አሉ የሚያመሰግኑት» አለው። «በዓመት አንድ ቀን።»

«ሌላውን ቀንስ?» አለ ሀሰኖ።

«እንጃ።»

ሀሰኖ የበርበሬ ከረጢቱን አፍ እያሰረ አሰበበት። «እኛ ስናስነጥስ እንኳ አልሐምዱሊላህ ነው። ዓመት እንጠብቅ ብንል አፍንጫችን ምን ይሁን?» ካሳሁን አለመሳቁን ሲያይ ግን ድምፁን ለስለስ አደረገ። «ሐሙስ እኔም ለእህቴ ለራዲያ ዕቃ አደርሳለሁ። እስከ ቡራዩ በፒካፔ አደርሳችኋለሁ።»

ሙሉዬ ስትሰማ እጇን አጨበጨበች። «ውሰድላት! እሰይ! የእንግዳ ልመና ነው፤ ደግሞ ጾም ነው፤ እኛ ቤትማ የሚበላው የለ።» ሐሙስ ጠዋት ግን ካሳሁን ገመዱን ሊያስር ሲወጣ፣ ሙሉዬ ጓሮ ቁጢጥ ብላ ከእጇ ንፍሮ ስንዴ ስታበላው አገኛት። «መንገደኛ በባዶ ሆዱ አይሄድም» አለች ቀና ሳትል።

በፒካፑ ሊቀመንበር መሀል ተቀመጠ፤ ሀሰኖ እየነዳ፣ ካሳሁን በመስኮቱ በኩል። መኪና ጥሩንባ በነፋባቸው ቁጥር ሊቀመንበር ይመልስለታል፤ ሀሰኖ በመጨረሻ የራሱን ጥሩንባ መንካት ተወ። «ምን ያስፈልገኛል?» አለ።

የሀሰኖ እህት ራዲያ ቡራዩ ውስጥ የወጥ ቤት ዕቃ ትሸጣለች። ሱቋ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚያብረቀርቅ ድስት፣ ሰታቴና ትሪ ነው። ካሳሁን ይህን አላሰበበትም። ሊቀመንበር ደፍ ላይ ሲቆም፣ በየድስቱ ሆድ ላይ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ የተዘቀዘቀ፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ተርኪ ወደ እሱ ዞሮ አየ።

«ያ አላህ! አውጡልኝ!» አለች ራዲያ። «ሊሰባብረው ነው!»

ሊቀመንበር ግን አልተንደረደረም። ክንፉን ቀስ ብሎ አጠፈ። ወደ ግራ አየ፤ ድስቶቹ ሁሉ አዩ። ወደ ቀኝ አየ። ከዚያ በሕይወቱ ሰምተውት የማያውቁትን ረጅም ንግግር ጀመረ፤ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ፣ ሲለውም ለጥቂት ጊዜ ዝም እያለ። ሰው ተሰበሰበ። አንድ ሽማግሌ ከመንገድ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። ካሳሁን ከኋላው ቆሞ ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ይሄ ፍጡር ከእንቁላሉ ወጥቶ እስከ ዛሬ ዘመዱን አላየም ነበር። አሁን ሕዝቡን አገኘ፤ ሕዝቡ ደግሞ ድስት ነው።

«ይበቃዋል» አለች ራዲያ በመጨረሻ፣ እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ምስኪን። ውሰዱት።»

ከቡራዩ ወዲያ በሚኒባስ ነው። ረዳቱ በሩ ላይ ሆኖ ወፉን አየና «አባት፣ ይሄ ዕቃ ነው ሰው?» አለ።

«ወፍ ነው።»

«እሱን አይቻለሁ። ወንበር ይይዛል ወይስ ይታቀፋል?»

መኪናው ውስጥ ክርክር ተነሳ። አንዲት ሴት «ሲያይ እኮ ሰው ያውቃል፤ ወንበር ይሰጠው» አለች። ከኋላ ያሉት ደግሞ «ዛሬ ለተርኪ ወንበር፣ ነገ ለበሬ!» ብለው ተቃወሙ። ሊቀመንበር የካሳሁን ጭን ላይ ሆኖ፣ ጅራቱን አጠገቡ በተቀመጠው ሰው ፊት ላይ አድርጎ ተጓዘ። እንጦጦን ተሻግረው ሲወርዱ የትራፊክ ፖሊስ አስቆማቸው።

«ትርፍ አለ?»

«የለም ጌታዬ» አለ ረዳቱ።

ፖሊሱ ከኋላ የመጣ መኪና ለማስቆም ፊሽካ ነፋ። «ጉልጉልጉል!» ፖሊሱ ወደ መስኮቱ ዞረ። እንደገና ነፋ። «ጉልጉልጉል!» ፖሊሱ ፊሽካውን ከአፉ አወጣና መንገደኛውን አንድ በአንድ አየ።

«ማነው እየሰደበኝ ያለው?»

ካሳሁን እጁን አወጣ። «ጌታዬ፣ ወፍ ነው። ለሁሉም እንዲህ ነው፤ በእርስዎ አይደለም።»

ፖሊሱ ሦስተኛ ጊዜ፣ አሁን ለማረጋገጥ ብቻ፣ በቀስታ ነፋ። መልሱን ሲሰማ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠና «ሂዱ፣ ሂዱ» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ሱሉልታ ሜዳው ላይ ብርድ ያዘለ ነፋስ ነበር። የእንግዳ ማረፊያው በር ላይ ያኔት አባቷን አቀፈች። አጠገቧ እንደ ሸንበቆ የቀጠነች ልጅ በስፖርት ልብስ ቆማለች፤ ኬሊ ናት። ሊቀመንበርን ስታይ ሣሩ ላይ ተንበርክካ አለቀሰች። ካሳሁን የምትጸልይ መስሎት እሱም ኮፍያውን አወለቀ። የበሩ ጠባቂ ኦቦ ሊቤ፣ ዕድሜ የጠገቡ ሰው፣ ካፖርታቸውን ለብሰው ከበሩ ሥር ተነሡ።

«አካም ጅርታ?» አሉት ካሳሁንን።

«ፈያ፣ ተመስገን። እርስዎስ ደህና ነዎት ኦቦ?»

ኬሊ ማውራት ጀመረች፤ ያኔት እየተረጎመች። «በእኛ አገር ዱር ነው የሚኖሩት ትላለች። በመንጋ ከጫካ ወጥተው አስፋልት ይሻገራሉ። መኪና ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ማታ ዛፍ ላይ ወጥተው ይተኛሉ።»

«ዛፍ ላይ?» አለ ካሳሁን። ይሄ ወፍ የቤቱን ደረጃ ለመውረድ እንኳ ሰው ይጠብቃል። ግን እንግዳ አይስተባበልም። «ይሆናል» አለ።

«ስሙ ማነው? አለችህ።»

«ሊቀመንበር።»

ያኔት ስትተረጉም ኬሊ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረች። «ስሙን ከሰማሁ በኋላ አልበላውም ትላለች።»

ካሳሁን ተመስገን አለ፤ ይህችኛዋ ከልቡ ሥር ነው የወጣችው። ኬሊ እንባዋን ጠርጋ ቀጠለች።

«የአገራቸው መሪ በየዓመቱ በዚህ በዓል ለአንድ ተርኪ ይቅርታ ያደርግለታል። እኛም እንዲያ እናድርግ ትላለች።»

ኦቦ ሊቤ ዱላቸውን ተደግፈው ቀረብ አሉ። «ጥፋቱ ምን ነበር?»

ያኔት ጠየቀች። «ምንም አላጠፋም ትላለች።»

«ያላጠፋን ይቅር ማለት ስድብ ነው» አሉ ኦቦ ሊቤ።

ካሳሁን ጉሮሮውን ጠረገ። ዝም ሊል ይችል ነበር፤ አልሆነለትም። «የእኛው እንኳ ጥፋት አለበት» አለና የወንዲን መስታወቶች፣ ካልሲውን፣ የተቋረጠውን ሰላምታ ሁሉ ተናገረ። ኦቦ ሊቤ ፊታቸው ፈካ።

«እንዲህ ከሆነማ ሽምግልና ይገባዋል! ከሳሹን ጥሩት።»

ከሳሹ ሰበታ ነው። ያኔት በስልኳ በምስል ደወለችለት። ወንዲ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጦ ብቅ አለ፤ ከትከሻው ጀርባ ደግሞ የደረሰውን ለመስማት ጎረቤት የተሻገረችው ሙሉዬ ታየች። ካሳሁን እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ አንስቶ ማጅራቱ ላይ ተሸከመና ስልኩ ፊት አጎነበሰ።

«ወንዲዬ፣ ስለ ወፉ ብዬ ነው። አጥፍቷል።»

«ጋሼ፣ ድንጋዩ ይታየኝ» አለ ወንዲ። ያኔት ስልኩን ከፍ አደረገችለት። «ትንሽ ናት። ሁለት መስታወት እኮ ነው!»

ኦቦ ሊቤ ሌላ ድንጋይ አምጥተው ጨመሩበት። ወንዲ የልቡን መናገር ጀመረ፤ እየተናገረም ድምፁ ከፍ እያለ ሄደ። ከፍ ባለ ቁጥር ሊቀመንበር መለሰ። ሁለቱም አንድ ላይ ጮኹ።

«ተራ በተራ!» አሉ ኦቦ ሊቤ በዱላቸው መሬቱን መትተው። «አንተ ስትጨርስ እሱ ይናገራል።»

«የመስታወቱስ ነገር ይቅር!» አለ ወንዲ። «ሰፈሩ ሁሉ ካልሲው ነው የሚለኝ! የማጫት ልጅ ቤት እንኳ ስሄድ እናቷ ‹ካልሲው መጣ› አለች። እርስዎም ጠርተውኛል ጋሼ። በቤተክርስቲያን በር ላይ፣ ሰው ፊት!»

ካሳሁን ከነድንጋዩ ቀና ሊል ሞከረ። «የክርስትና ስምህ መስሎኝ ነው፣ ማርያምን!»

የወንዲ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሙሉዬ ከኋላው ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። ወንዲ ሲስቅ ባጃጁ አብሮት ተነቃነቀ። «ጋሼ፣ ድንጋዩን ይጣሉት። ይቅር ብያለሁ። ለእርስዎም ለእሱም።»

ኦቦ ሊቤ እርጥብ ሣር ቆርጠው አመጡ። «እኛ ኢሬቻ ስንወርድ ገላታ፣ ምስጋናችንን፣ የምናቀርበው እንዲህ ያለ እርጥብ ሣር ይዘን ነው» አሉ ለኬሊ። «ውሃው ዳር እንነክረዋለን፤ ዋቃን እናመሰግናለን። ሣሩን ግን አንበላውም።» ይህን ብለው ሣሩን ሊቀመንበር ጀርባ ላይ በክብር አኖሩት። ሊቀመንበር አንገቱን አዞረና በላው። «እሱ አያውቅም» አሉ ኦቦ ሊቤ፤ «ይብላ።»

ማዕዱ ላይ የበሰለ ዱባ፣ የተፈጨ ድንች፣ ያኔት የሠራችው የጾም ምስር ወጥ ቀረበ። በኬሊ አገር ደንብ፣ ከመበላቱ በፊት እያንዳንዱ ሰው ስለ ምን እንደሚያመሰግን ተራ በተራ ይናገራል። ስልኩ ውሃ ማንቆርቆሪያው ላይ ተደግፎ እንደበራ ነበር። ኬሊ ስለ እናቷና ስለ ዳነው ጉልበቷ አመሰገነች። ኦቦ ሊቤ ስለ ዝናቡ። ያኔት አባቷ ስለመጣላት። ከዚያ የካሳሁን ተራ ሆነ።

«ተመስገን» አለ ካሳሁን።

«ስለ ምኑ? ትላለች» አለች ያኔት።

«ስለ ሁሉም።»

ኬሊ ራሷን ነቀነቀች። አንድ ነገር መሆን አለበት።

ካሳሁንን ዕድሜውን ሙሉ ሲያመሰግን ስለ ምኑ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ቃሉ እንደ መጋዘኑ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ኖሯል፤ ውስጡ ምን እንዳለ ግን ቆሞ አይቶ አያውቅም። አሁን ቢያይ የት ይጀምር? ሁሉም ዱባውን እያየ ጠበቀው። ያኔት ከቤት ከወጣች ወዲህ የነበሩት ማታዎች ትዝ አሉት። እሱ ገብቶ ኮፍያውን ይሰቅላል፤ ሙሉዬ ራቱን ታቀርባለች፤ ሁለቱም ቴሌቪዥኑን ያያሉ። ቤቱ ጸጥ ያለ ነበር። ይሄ ወፍ እስኪመጣ ድረስ ምን ያህል ጸጥ ያለ እንደነበረ እንኳ አላስተዋለም።

«ከሥራ ስመለስ» አለ በመጨረሻ፣ «ስለሚጮህልኝ።»

ያኔት ሳትተረጉም ቀረች። ከማንቆርቆሪያው ዘንድ ግን ድምፅ መጣ።

«እኔስ?» አለች ሙሉዬ ከሰበታ። «እኔ አልጮህብህም?»

«አንቺማ!» አለ ካሳሁን ተደናግጦ። «ሙሉዬ፣ ስላንቺማ...» ስልኩ ላይ አፍጥጦ ቀረ፤ ፊቱ ቀልቶ ወደ ሰማያዊ ሊሄድ ምንም አልቀረው።

«ግድ የለም፣ ብላ። ይቀዘቅዝብሃል» አለች ሙሉዬ። ድምፅዋ ግን ሌላ ሆኖ ነበር፤ ወንዲ በኋላ እንደተናገረው ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ወደ ቤቷ ተሻገረች።

ካሳሁን ሊሄድ ሲነሣ ገመዱን ይዞ ወጣ። ሊቀመንበር በግቢው ጥግ ካለው ትልቅ ጽድ ሥር ቆሞ ወደ ላይ ይመለከት ነበር። ካሳሁን ሲጠጋው ጎንበስ አለ፣ ክንፉን ዘረጋና በከባድ ድምፅ፣ እንደሚራገፍ ምንጣፍ፣ ወደ ላይ ተነሣ። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ላይ አረፈ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው። ከዚያ የማይደረስበት ቦታ ሄዶ ተቀመጠ። ኬሊ ደስታዋን መያዝ አቅቷት ዘለለች።

«ሊቀመንበር!» ብሎ ጠራው ካሳሁን።

«ጉልጉልጉል!» አለ ከላይ። አልወረደም።

ስንዴ አሳዩት፤ ድስት አንኳኩለት፤ ኬሊ በራሷ ቋንቋ ለመነችው። ሁሉንም በትሕትና መለሰላቸው፤ አልወረደም። «ይቅርታ የተደረገለትን መልሶ ማሰር አይቻልም» አሉ ኦቦ ሊቤ። «ይደር። ዓይኔ አይለየውም።» ካሳሁን ባዶ ገመዱን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ታክሲ ተሳፈረ። ረዳቱ ሂሳብ ሲጠይቀው ሁለት ጊዜ አልሰማውም።

ሊቀመንበር እዚያው ቀረ። ያኔት በየሳምንቱ ትነግራቸዋለች። ጠዋት ሯጮቹ ለልምምድ ሲወጡ እስከ መንገዱ መታጠፊያ አብሯቸው ይሮጣል፤ ከዚያ የራሱ ጉዳይ እንዳለው ሁሉ ወደ ጫካው ዳር ይገባል። ቆቆች ከሥሩ ሆነው ሲለቅሙ መሀላቸው ቆሞ ታይቷል። እንጨት ለቃሚ ሴቶች መጀመሪያ ሲያዩት ሸክማቸውን ጥለው ሮጠው ነበር፤ አሁን ሰላምታ ያቀርቡለታል አሉ። ሲመሽ ጽዱ ላይ ይወጣል።

ሰበታ ደግሞ ሙሉዬ ሰላም አጣች። ጎመኑ አማረ፤ ጫማዎቹ በቦታቸው ናቸው። ሳይረኑ ጮኾ ሲያበቃ ግን እጇን ሥራው ላይ አቁማ ትጠብቃለች፤ ምንም አይመጣም። «ይሄ ቤት ምን ሆኗል?» ትላለች። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ምንም ሳትነግረው፣ ንፍሮ ስንዴ በፌስታል ቋጥራ በሩ ላይ ቆመች። «ተነሥ፣ ያኔትን እንይ» አለችው። ካሳሁን ፌስታሉን አየና ኮፍያውን አደረገ።

ሱሉልታ ሲደርሱ ኦቦ ሊቤ ወደ ጫካው ዳር ይዘዋቸው ሄዱ። ሊቀመንበር ከባሕር ዛፎቹ መሀል ከቆቆቹ ጋር እየለቀመ ነበር፤ ላባው ወዝቶ፣ ነሐስ ነሐስ እያለ ያበራል። ሙሉዬ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጠራችው። አንገቱን ቀና አደረገ። አያት፤ ካሳሁንንም አየ። ከዚያ ዞረና በዝግታ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ቆቆቹን አስከትሎ ወደ ውስጥ ገባ።

«ኮራብን» አለች ሙሉዬ።

ፌስታሉን ፈታች። ጎንበስ ብላ ስንዴውን፣ ደህና አድርጋ፣ አንድ ቦታ እንዳይከመር እየበተነች፣ ዛፎቹ ሥር አፈሰሰችው። ካሳሁንም አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ የወደቀውን በጣቱ ይበትንላት ጀመር። ከጫካው ውስጥ ቆቅ ጮኸች። ሁለቱም ጆሯቸውን ጣል አድርገው ትንሽ ቆዩና፣ ታክሲ ሳያልቅ ብለው ወደ መንገዱ ተመለሱ።